በሚካኤል ቀን ስንት ናችሁ?

ሐረገ ወይን ሳታይ የፈረመችበት ወረቀት የለም። በንፋስ መውጫ ከተማ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሆና ስድስት ዓመት ስታገለግል፣ ድንጋይ የሚፈነቀልበትን፣ እንጨት የሚሰነጠቅበትን፣ ብረት የሚበየድበትን ሥፍራ ሁሉ በእግሯ ረግጣ፣ በእጇ ዳስሳ ካልሆነ በቀር «ደኅና ነው» ብላ አታውቅም። ባለ ብየዳዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «ሚዛኗ መጣች» ይባባላሉ። ቅጽል ስሙን ሰምታዋለች፤ አልከፋትም። ሚዛን መባል ስድብ የሚሆነው ለሚያጎድል ነው ብላ ታምን ነበር።

ግንቦት ስምንት ቀን ጧት የግራር አፋፍን የድንጋይ ካባ ለአምስተኛ ጊዜ ልትመረምር ወረደች። ካባው ሃያ ክንድ ያህል ቀጥ ብሎ በቆመ ጥቁር ገደል ሥር የተከፈተ ነው። ከዚያ የሚወጣው ድንጋይ ሁሉ ከአፋፉ ላይ ለሚታነጸው ለአዲሱ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይውላል። አሮጌው ከፈረሰ ሦስት ዓመት አልፏል፤ ታቦቱ እስከ ዛሬ ያለው መቃኞ በሚሉት ጊዜያዊ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም ካህናቱ የሚቀድሱት ከሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሥር ነው። ስለዚህ ለሰኔ ሚካኤል ታቦቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ እንዲገባ አጥቢያው ቆርጦ ተነሥቷል። የቀረው የመቅደሱ ግድግዳ ነው።

የካባው አለቃ ቻላቸው ከእርሷ ጋር በአንድ ዛፍ ሥር ፊደል የቆጠረ ጎልማሳ ነው። ወንዶቹን አሰልፎ ጠበቃት።

«ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ ሄልሜት፣ ዘጠኝ ጥንድ ጫማ» አለ ጣቱን እያጠፈ። «ፋሻውም ከሣጥኑ አለ። ባለፈው ስለ ፋሻው ተቆጥተሽን ነበር።»

«አልተቆጣሁም፤ ጻፍሁ።»

«ካንቺ ጽሕፈትስ ቁጣው ይሻለን ነበር።»

ወንዶቹ ሳቁ። እርሷም ፈገግ ብላ «የሠራተኛ ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት «ዘጠኝ» ብላ ጻፈች። ይህን ቃል በዚያ ቦታ ስትጽፍ አምስተኛዋ ነው።

ብዕሩን ሳትከድን ዓይኗ ወደ ክምሩ ሄደ። እስከ ዛሬ ድንጋዩ በወጣ ቁጥር ወደ ሕንፃው ይጋዝ ስለ ነበር፣ ክምር ሆኖ አይታው አታውቅም። በዚህ ወር ግን ግንበኛው ታሞ ሥራው ስለ ቆመ፣ የወጣው ሁሉ ከካባው አፍ ራቅ ብሎ እንደ ጎተራ ተቆልሏል። ሐረገ ወይን የዘጠኝ ሰው ጉልበት በወር ስንት ድንጋይ እንደሚያወጣ ታውቃለች። ይህ የዘጠኝ ሰው አልነበረም።

«ቻላቸው፣ ይህን ሁሉ እናንተ አወጣችሁት?»

«እኛማ ምን አቅም አለን! አብዛኛው የሚካኤል ዕለት የወጣ ነው እንጂ።»

«በሚካኤል ቀን ትሠራላችሁ?»

«ኧረ እኛስ በዓል እናከብራለን» አለ፣ እንደ መከፋት ብሎ። «ሕዝቡ ነው። ከቅዳሴ ሲወጣ በቀጥታ ወደዚህ ይወርዳል። በሚካኤል ሞፈር አይነካም፤ የሚካኤልን ድንጋይ መሸከም ግን በረከት ነው። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ሙሽራው ሳይቀር ነው የሚመጣ።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«ማን ቆጥሯቸው! ሁለት መቶ አያንሱም።»

«ራሳቸው ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«ነጠላ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ እንደ ገና ተነሣ። ሐረገ ወይን ግን አልሳቀችም።

«ድንጋዩን ከየት ያነሣሉ?»

«ከግርጌው ነዋ። ዲጂኖ መምታት የሚችል ስንቱ ነው? ቅቤውን ይፈለፍሉና ድንጋዩን ከሥር ይስቡታል።»

«ቅቤ» የሚሉት ከጥቁሩ ዐለት በታች የተነጠፈውን ነጣ ያለ ለስላሳ አፈር ነው። ጎንበስ ብላ አየች። ሽፋሽፍቱን ዝቅ አድርጎ እንደሚያንቀላፋ ሰው፣ የገደሉ ግንባር ወደ ፊት ወጥቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው አፈር ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ተበልቷል።

ሐረገ ወይን ስሕተቱን ያገኘችው ያን ጊዜ ነው፤ ያገኘችውም በካባው ውስጥ ሳይሆን በራሷ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ የጉብኝቷን ቀኖች ስትደለድል፣ ዐሥራ ሁለትን፣ ሃያ አንድን፣ ሃያ ሰባትንና ሃያ ዘጠኝን ሳትነካ ታልፋቸው ነበር። በእነዚያ ቀኖች በገጠር ሥራ የለምና። ከሌላ አገር የመጣ ተቆጣጣሪ ቢሆን ኖሮ፣ ምንም ሳያውቅ አንድ ቀን በዐሥራ ሁለት ብቅ ብሎ ሁለት መቶውን ሰው ከገደሉ ሥር ባየ ነበር። እርሷን የጋረዳት የአገሯን ልማድ ማወቋ ነው። አራት ጊዜ ፈርማለች። የዛሬውን ጨምሮ አምስት ጊዜ የሐሰት ቁጥር ጽፋለች፤ ሐሰት መሆኑን አለማወቋ ቁጥሩን እውነት አያደርገውም።

በጎን ባለው ቀጭን መንገድ ወደ ገደሉ አናት ወጣች። ከጫፉ ሦስት እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ በሣሩ መካከል ከገደሉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ አገኘች። መዳፏን በአግድሙ ሰደደችበት፤ ገባ። ከቦርሳዋ የጀሶ ዱቄት አውጥታ፣ ከቻላቸው ጀሪካን በቀዳችው ውኃ አቡክታ፣ ስንጥቁን ከወዲያ ወዲህ እያያያዘች በሦስት ቦታ ለጠፈችው። ሳይደርቅም በምስማር «ግንቦት ፰» ብላ ጻፈችበት።

«ይህ ምን ያደርጋል?» አለ ቻላቸው።

«ምንም አያደርግም፤ ይመሰክራል። ገደሉ ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰበራል።»

ከዚያ በጉልበቷ ላይ የእግድ ወረቀት ጻፈች። ቻላቸው አነበበው፤ አሳምሮም አጠፈው።

«እኛስ እንቆማለን፤ አጥሩም ይታጠራል» አለ። «የኔታን ማን ያቆማቸዋል?»

የኔታ የሚላቸው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ነው። የአጥቢያው የቅኔ መምህርና የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ እርሷንና እርሱን ፊደል ያስቆጠሩም እርሳቸው ናቸው። ሐረገ ወይን ከመቃኞው ደጅ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበት ስማ ወረቀቱን ሰጠች። ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ ያለ መነጽር አነበቡት።

«እግድ? በሚካኤል ላይ?»

«በገደሉ ላይ ነው፣ የኔታ።»

«‹ሠራተኛ› ይላል። ልጄ፣ ለሚካኤል ድንጋይ የሚሸከም ሰው ሠራተኛ አይደለም፤ አሠሪ የለው፣ ደመወዝ የለው። ስእለተኛ ነው። ወረቀትሽ የማያውቀውን ሰው እንዴት አድርጎ ያግዳል?»

ክርክሩ ቀጥ ያለ ነበር። ቀጥ አድርጎ መከራከርንም ከማንም ሳይሆን ከእርሳቸው ነው የተማረችው።

«ገደሉም ሠራተኛና ስእለተኛ አይለይም፣ የኔታ።»

«ሦስት ዓመት አልወደቀብንም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሥሩን ስትበሉት ነበር።»

«አፍሽ መቼም ከልጅነትሽ ጀምሮ እንደዚህ ነው» አሉ፤ ቃሉ ቁጣ ቢመስልም በዓይናቸው ቁጣ አልነበረም።

«የኔታ፣ እንደ ተማሪ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደም የፈሰሰበት ድንጋይ ለመቅደስ ይገባል?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። ጥያቄው ወዴት እንደሚወስዳቸው ገብቷቸዋል፤ ነገር ግን ሲጠየቁ የሚዋሹ ሰው አይደሉም።

«አይገባም» አሉ። «ጠየቅሽ፣ መለስሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚ። የገደሉ መውደቅ ‹ምናልባት› ነው። ታቦቱ አራተኛውን ክረምት በሚያፈስስ ቤት መክረሙ ግን ምናልባት የለበትም። ያን ሕዝብ ‹ተመለስ› ብዬ የማዝዘው እኔ ነኝ፤ አላደርገውም። ወረቀት የሚያቆመው አንባቢውን ነው፤ ከቅዳሴ እልል እያለ የሚወርድ ሕዝብ ደግሞ አያነብም። ከቻልሽ በዕለቱ አንቺው መጥተሽ አቁሚው።»

«እመጣለሁ።»

«በሚካኤል ቀን?»

«በሚካኤል ቀን። መምጣት የነበረብኝ ድሮ ነው።»

ወደ መኪና መንገዱ ስትመለስ፣ ከታች ካለው ማሳ ጩኸት ሰማች። ሁለት ጎረቤታሞች ጥማዳቸውን አቁመው በድንበር ይከራከራሉ፤ አንደኛው ጅራፉን ጥሎ በትሩን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር። ከማዶ ባቄላ የምታርም አንዲት ሴት ቀና ብላ «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። በትሩ በአየር ላይ ቀረ። ሰውየው እጁን እንደ ሰቀለ፣ አፉን እንደ ከፈተ፣ የተተከለ ግንድ ሆነ። ሴትዮዋ ማንም አልነበረችም፤ ዳኛ አይደለች፣ ሚሊሻ አይደለች። ሐረገ ወይን በትሩ ወደ ምድር እስኪወርድ ድረስ ቆማ አየች፤ ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

ግንቦት ዐሥር ለዐሥራ አንድ አጥቢያ የዓመቱ የመጀመሪያ ዶፍ ወረደ። ግንቦት ዐሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት ማለዳ፣ ሕዝቡ ገና ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ሐረገ ወይን ወደ ገደሉ አናት ወጥታ ጀሶዎቹን አየቻቸው። ወርዳም በካባው አፍ፣ ቻላቸው ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ጥብጣብ ከግራር ግራር በወጠረበት ቦታ ቆመች። ልቧ አልፈራም። የምትፈራው ነገር ቢኖር ዛሬ ቤቷ መቅረት ነበር፤ እርሱም አልሆነም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን እልልታው ተሰማ። ሕዝቡ በአፋፉ መንገድ እንደ ውኃ ወረደ፤ ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወንዶች ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለው። ከሁሉ ፊት እትዬ ደጊቱ ናቸው። ሁለት ልጆች ለቁም ነገር ያበቁ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጥቢያው ሁሉ ምላሳቸውን የሚፈራ ባልቴት ናቸው።

«የማን ሠርግ ነው?» አሉ ጥብጣቡን አይተው። «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?»

«እትዬ ደጊቱ፣ ካባው ታግዷል። ገደሉ ሊወድቅ ይችላል።»

«ቢወድቅ በሚካኤል ድንጋይ ነው የምንሞት! ይህን ያገኘ አለ?» ጥብጣቡን በአንድ ጣታቸው አንሥተው ከሥሩ አለፉ። «ሲመሽ ለመቀነት እወስደዋለሁ፤ ጥሩ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ከኋላቸው ያሉት ተከተሉ። ሐረገ ወይን ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ማኅተሙን አይተው ራሳቸውን በአክብሮት ዝቅ እያደረጉ አለፏት። አምስት፣ ዐሥር፣ ሃያ ሰው ገባ። የመጀመሪያዎቹ ከገደሉ ጥላ ሊደርሱ ጥቂት ቀራቸው።

ወረቀቱን አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተች። ከዚያም በእርሻ ማሳ እንዳደገች ሴት፣ ከሆዷ ጮኸች።

«በሕግ አምላክ!»

ሁሉም ቆመ። እግሩን ያነሣ እንዳነሣ፣ እልልታ የጀመረችው በጉሮሮዋ እንደ ያዘች፣ እትዬ ደጊቱም ከገደሉ ጥላ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ቀጥ አሉ። ከአፋፉ የሚወርደው ሕዝብ ያልሰማው ከሰማው ጋር እየተላተመ ቆመ።

በዚያ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አይራመድም። ነገር ግን ቃሉ የሚይዘው የቆመውን ብቻ አይደለም። ያቆመውም ምክንያቱን በሰው ፊት ሊናገር ግድ ነው፤ ያለ ምክንያት አቁሞ ከተገኘ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ በምስክርነት አይቆጠርም።

«ያለፋችሁት ወደ እኔ ተመለሱ» አለች። ተመለሱ። «ያቆምኋችሁ በራሴ ጥፋት ነው። እኔ የዚህ ካባ ተቆጣጣሪ ነኝ። አራት ጊዜ መጥቼ ‹ዘጠኝ ሰው ይሠራል፣ ደኅና ነው› ብዬ ፈርሜያለሁ። አንድ ቀን እንኳ በሚካኤል አልመጣሁም። በሚካኤል ሥራ የለም ብዬ ነው። እናንተ ግን በየወሩ እዚህ ነበራችሁ፤ እኔ እናንተን አልቆጠርኋችሁም።»

«እንግዲያስ ጥፋቱ ያንቺ ነዋ!» አሉ እትዬ ደጊቱ።

«አዎን፤ የእኔ ነው።»

እትዬ ደጊቱ የመንግሥት ወረቀት ከያዘ ሰው አፍ ይህን ቃል ሰምተው አያውቁም።

«አሁን እመኑኝ አልላችሁም» አለች ሐረገ ወይን። «የኔታ ወጥተው ይዩት። ከስንጥቁ ወዲህ ቆመው፣ በዓይናቸው አይተው፣ ደኅና ነው ካሉ ሐሰተኛ በሉኝ፤ እግዱን ግን አላነሣም።»

ሕዝቡ ወደ መሪጌታ ዞረ። እርሳቸው ከኋላ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ቆመው ነበር። መቋሚያቸውን ይዘው ቀጭኑን መንገድ ጀመሩት። እትዬ ደጊቱ «ብቻቸውን አይወጧትም» ብለው ክንዳቸውን ደገፉ፤ ሐረገ ወይን ተከተለች። ሽቅብ ሲወጡ ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አረፉ። ሕዝቡም ያን ያህል ጊዜ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ከሦስቱ ጀሶዎች ሁለቱ ተሰብረዋል። መሪጌታ ጎንበስ ብለው መካከለኛውን አነበቡ። «ግንቦት» የሚለው ከገደሉ በኩል ቀርቷል፤ «፰» የምትለዋ ቁጥር ከወዲህ ናት። በሁለቱ መካከል ትንሿ ጣታቸው ገባች።

«ይህን ስትጽፊ አንድ ላይ ነበር?»

«በአንድ እጅ ነው የጻፍሁት፣ የኔታ።»

«እጅሽንማ ዐውቀዋለሁ፤ ‹ት›ን ዛሬም ታጎብጫታለሽ።» ቀና ብለው ወደ ታች ተመለከቱ። ከዚያ ሆኖ ሲታይ፣ ካባውን የሞላው ሕዝብ የተዘራ ስንዴ ይመስል ነበር። «ሃያ ሰባቱን የክርስትና ልጆቼን ዛሬ ጧት አስቆርቤ ነው የላክኋቸው» አሉ፤ ለማን እንደ ተናገሩ ግን አልታወቀም።

ሲወርዱ ሕዝቡ ከፊታቸው መልሱን ሊያነብ ሞከረ። እርሳቸው ግን ንግግር አላበዙም።

«ታቦቱ በመቃኞ ይከርማል» አሉ።

አንዲት ሴት አለቀሰች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አራተኛው ክረምት፣ የኔታ!» አለ። «አራተኛው ነው» አሉ እርሳቸው። «ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ሚካኤልም የሚጠይቅ እኔን ይጠይቅ። አሁን ያ ክምር ከገደሉ የራቀ ነው፤ እርሱን ወደ ላይ አውጡ። የቀራችሁ ደግሞ ሣር እጨዱ። የመቃኞው ቆርቆሮ ካፈሰሰ፣ በላዩ ሣር አይከደንም ያለው ማን ነው?»

ሁለት መቶው ሰው ተነቃነቀ። እትዬ ደጊቱ ከክምሩ ትልቁን ድንጋይ መርጠው ጀርባቸው ላይ አዘሉ፤ በሐረገ ወይን አጠገብ ሲያልፉም «መቀነቴን አስቀሪልኝ፤ አልተውኋትም» አሉ።

ሐረገ ወይን ግን የቆመችው ለመቁጠር ነበር። ከካባው አፍ እስከ አፋፉ የድንጋይም የሣርም ሸክም ይዞ ያለፈውን ሁሉ፣ አንድም ሁለት ጊዜ ሳትቆጥር፣ አንድም ሳታስቀር ቆጠረች።

የሰኔ ሚካኤል በዝናብ ዋለ። መቃኞው ከቆርቆሮው በላይ ወፍራም የሣር ክዳን ለብሶ ስለ ነበር፣ ከካህናቱ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ገደሉም እንደ ቆመ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ደጊቱ ሐረገ ወይንን ከሰው መካከል አገኟት።

«ገደልሽ ቆሞልሻል እኮ!»

«ቆሟል፣ እትዬ ደጊቱ።»

«እንግዲያስ ታቦቱን በከንቱ ነው ያስቀረሽብን።»

ሐረገ ወይን መልስ ከመስጠቷ በፊት መሪጌታ ከኋላ ደረሱ። «ደጊቱ» አሉ፣ «ገደሉ ዛሬ ቢወድቅም ለዘላለም ቢቆምም፣ ያስቀረችን በእውነት ነው። ሕግ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሰው ሲሞት ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሕግ ሳይሆን ለቅሶ ነው።»

«እኔ መች አይደለም አልሁ» አሉ እትዬ ደጊቱ። «ከመስቀል በኋላ ቻላቸው ገደሉን ከአናቱ በእርከን እየቆረጠ ሥራ ሊጀምር ነው አሉ። የመጀመሪያዋን ድንጋይ የምሸከም እኔ ነኝ፤ ይህን ጻፊልኝ።»

«ሄልሜት አድርገው ነዋ።»

«በነጠላዬ ላይ?»

«በነጠላዎ ላይ።»

«የሙሽራ ዘውድ ነው እንግዲህ!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ሐረገ ወይን ከመቃኞው ክዳን ሥር ተጠግታ ለግራር አፋፍ አዲስ ቅጽ አወጣች። «የሠራተኛ ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቦታ የተሠራው ለአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ «በሥራ ቀን ዘጠኝ» አለች፤ ከዚያ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ፣ ፊደሏን አጥብባ፣ «በሚካኤል ቀን ሁለት መቶ ዐሥራ አራት» ብላ ጻፈች። የሚቀጥለው ጉብኝት ቀን በሚለውም ጥቅምት ዐሥራ ሁለትን አኖረች፤ ፈረመችም።